ጋሽ ብሩሽ በተጠርጣሪነት እንደተመዘገቡ በማረፋቸው የወጣ የሀዘን መግለጫ

የባንኩ የቤተ መጻሕፍትና የመዛግብት ሠራተኞች ማኅበር፣ የቀደምት የገንዘብና የባንክ መጻሕፍት ክፍልን መሥርተው ለሠላሳ አንድ ዓመታት የመሩት ባልደረባችን ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለባንኩ ሠራተኞችና ለሕዝብ የሚያስታውቀው በጥልቅ ሀዘን ነው። በጥልቅ ቁጣም ነው። "በሀዘን መግለጫ ላይ ቁጣ አይጻፍም" የሚል አስተያየት ከሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴያችን አባላት በአንዱ ቀርቦ ነበር፤ ድምፅ ተሰጥቶበት ስድስት ለአንድ ወድቋል።

የሟቹ ሙሉ ስም ባንኩ በጻፈባቸው የጥርጣሬ ደብዳቤ ላይ ስድስት ጊዜ ሰፍሯል። ይበቃል። እኛ በዚህ መግለጫ የምንጠራቸው ኮሪደር ላይ ስንጠራቸው በኖርንበት ስም፣ ጋሽ ብሩሽ ብለን ነው። ስሙ የወጣላቸው ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የደረት ኪስ እሳቸው የመጽሐፍ አቧራ ማራገፊያ ብሩሽ ይሰኩ ስለነበር ነው። ብሩሿ ለስላሳ ነበረች። እሳቸውም እንደዚያው ነበሩ፤ የተጫወቱባቸውም ለዚህ ይመስለናል።

ጋሽ ብሩሽ ባንኩን የተቀላቀሉት በሃያ አምስት ዓመታቸው፣ በፖስታ ክፍል ደብዳቤ አዳይነት ነው። በሦስተኛው የአገልግሎት ዓመታቸው ምድር ቤት ያለውን የድሮ ፋይሎች ክፍል እንዲያጸዱ ታዘዙ። እዚያም የሚንገዳገድ የብረት ካቢኔት እግር ሥር የተሸጎጠ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አገኙ። መጽሐፉ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ስለ ሐዋላ ወረቀት አጻጻፍ ለነጋዴዎች የታተመ ነበር። መጽሐፉን አወጡና በምትኩ አራት ጊዜ የታጠፈ ካርቶን አስገቡ። ክፍሉ የተጀመረው እንዲህ ነው። የባንኩ ድረ ገጽ ክፍሉ "በማኔጅመንቱ አርቆ አሳቢነት የተቋቋመ" ነው ይላል። ማኔጅመንቱ መጽሐፉን የካቢኔት እግር አድርጎት እንደነበር ለድረ ገጹ አዘጋጆች በአክብሮት እናስታውሳለን።

በአምስተኛው ዓመት ለሁሉም ቅርንጫፎች በእጃቸው ደብዳቤ ጻፉ። "በቁም ሳጥናችሁ ውስጥ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ ወለድ ወይም ስለ ባንክ የተጻፈ አሮጌ መጽሐፍ ካለ አትጣሉት፤ ለእኔ ላኩት" የሚል ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ አርባ ሦስት መጻሕፍት ደረሷቸው። ከአንዱ ቅርንጫፍ የስልክ ማውጫ ተላከላቸው፤ አመስግነው መለሱት። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ከማን እንደመጣ፣ በምን ሁኔታ እንደደረሰና ምን እንደጎደለው የሚገልጽ ካርድ አዘጋጁ። ዛሬ የባንኩ መዝገብ ቤት የሚሠራበት የካርድ ሥርዓት ያኔ እሳቸው ያወጡት ነው።

በዘጠነኛው ዓመት ለባንክ ጸሐፊዎች የታተመ የወለድ ሠንጠረዥ መጽሐፍ አገኙ። ማስያ መኪና ባልነበረበት ዘመን ጸሐፊው ወለድ የሚያሰላው ከእንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ እያየ ነበር። በአንዱ ገጽ ላይ ማተሚያ ቤቱ "አንድ" መሆን የሚገባውን አኃዝ "ሰባት" ብሎ አትሞታል፤ ስሙ የማይታወቅ ጸሐፊ ደግሞ በቀለም ሰርዞ አስተካክሎታል። ጋሽ ብሩሽ ይህን ገጽ በየዓመቱ ለሚቀጠሩ አዳዲስ ቴለሮች ሁሉ ያሳዩ ነበር። "አታሚው ተሳሳተ፣ አለቃው አላየም፣ ደንበኛው አላወቀም። ይሄ ልጅ ግን ዝም አላለም" ይሏቸው ነበር። ከዛሬዎቹ የመምሪያ ኃላፊዎች ቢያንስ አራቱ ያን ጊዜ አዲስ ቴለሮች ሆነው ያንን ገጽ በዓይናቸው አይተዋል።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ስለ ሳንቲም ክብደትና ጥራት የተጻፈ ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ የመጀመሪያውን ቅጽ ከአንድ ጡረተኛ ሰዓት ሠሪ ገዙ። ሁለተኛውን ለማግኘት ዘጠኝ ዓመት ፈጀባቸው። የተገኘው በአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ውስጥ ነው። ልብስ ሰፊው የወረቀቱን ጥንካሬ ወዶ ገጾቹን እየቆረጠ ለኮሌታ ልክ መውሰጃ ያደርጋቸው ነበር። "ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ዛሬ የት ይገኛል ብለው ነው?" ብሎም ሊያስረዳቸው ሞክሯል። ጋሽ ብሩሽ አልተቆጡትም። መጽሐፉን ከተቆረጡት ኮሌታዎች ጋር ገዙት፣ በማግስቱም አንድ ጥቅል አዲስ ጠንካራ ወረቀት ገዝተው ወሰዱለት። ከገጽ አርባ አንድ እስከ አርባ ስምንት ያለው ክፍል ዛሬም በኮሌታ ቅርጽ እንደተቆረጠ በመጽሐፉ መጨረሻ ፖስታ ውስጥ አለ። ፖስታው ላይ በእጃቸው "ይነበባል፤ የጎደለው አንገት የሚገባበት ቦታ ብቻ ነው" ብለው ጽፈውበታል።

ልብስ ሰፊው የሚቆርጠው ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ባንኩ ግን ያውቅ ነበር። አላወቅሁም ማለት እንዳይችል ማስረጃውን ከዚህ በታች እንጽፋለን።

በሃያ ሁለተኛው ዓመት ጋሽ ብሩሽ ከስብስባቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱትን መጽሐፍ አገኙ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ለባንክ ገንዘብ ቆጣሪዎች የታተመ፣ ሐሰተኛ ኖትን ከእውነተኛው ለመለየት የሚያስተምር መጽሐፍ ነው። ያዘጋጀው ሰው በየገጹ ራሱን ሐሰተኛውን ኖት ለጥፎ፣ ከሥሩ "ሐሰተኛ" ብሎ ጽፎ፣ በጀርባው ደግሞ ምኑ እንደሚያሳብቅበት አብራርቷል። የተለጠፉት ኖቶች ስድሳ ሁለት ናቸው። ሁሉም ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት በፈረሰ ባንክ ስም የተሠሩ ናቸው። የግዥ ክፍሉ መጽሐፉን ለመግዛት ከሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ አምጡ አላቸው። በመላው ዓለም ሦስት ቅጂ ብቻ ለሚታወቅለት መጽሐፍ፣ ሦስት ፕሮፎርማ! ጋሽ ብሩሽ ቤታቸው ገቡና ባለቤታቸውን አማከሩ። ባለቤታቸውም "ሶፋው ይቆየን፤ ሰው መሬት ላይም ይቀመጣል" ብለው ፈቀዱ። መጽሐፉ ለሶፋ በተቀመጠው ገንዘብ ተገዝቶ ለባንኩ በስጦታ ገባ። ባንኩም "ስድሳ ሁለት የቆዩ ሐሰተኛ ኖቶች የተለጠፉበት ታሪካዊ መጽሐፍ" ሲል በማኅተም አረጋግጦ የስጦታ መረከቢያ ፈረመ። ይህ ቃል በቃል ከመረከቢያው የተቀዳ ነው።

እስከ ዘንድሮ ድረስ የስብስቡ ቁጥር አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ስድስት ደርሶ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል መጋረጃው ከቀትር በኋላ ሁልጊዜ ይዘጋ ነበር፤ የእርጥበት መለኪያው የተገዛው በራሳቸው ገንዘብ ነው። ወንበሩ አንድ ብቻ ነበር። አንባቢ ሲመጣ ወንበሩን ለእንግዳው ይለቁና እሳቸው ቆመው ይሠሩ ነበር። ከሩቅ የመጡ ተመራማሪዎች በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠው ስንት ጽሑፍ እንዳወጡ ካርዶቹ ይመሰክራሉ።

አሁን ወደሆነው እንምጣ።

ከስምንት ወር በፊት ማኔጅመንቱ ያቺ ክፍል ፈርሳ የቪአይፒ ደንበኞች ማረፊያ እንድትሆን ወሰነ። ጋሽ ብሩሽ ውሳኔውን የሰሙት ግድግዳውን ሊለካ ከመጣው ግንበኛ ነው። ክፍሉን ከማስረከባቸው በፊት የንብረት ቆጠራ ይደረግ ተባለና፣ ሰው ስላልተገኘ የኖት ደኅንነት ክፍል ባልደረቦች ለቆጠራው ተመደቡ። እነዚህ ሰዎች ሥራቸው ሐሰተኛ ገንዘብ መያዝ ነው። መጽሐፍ ቆጥረው አያውቁም።

በሁለተኛው ቀን አንድ ወጣት ባለሙያ ያንን መጽሐፍ ገለጠው። ጋሽ ብሩሽ ያን ቀን ለሐኪም ቀጠሮ ፈቃድ ወስደው ነበር። የባንኩ የሐሰተኛ ገንዘብ መመሪያ አንቀጽ ዘጠኝ፣ ሐሰተኛ ኖት ያየ ሠራተኛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ኖቱን እንዲይዝ፣ "ሐሰተኛ" የሚል ማኅተም እንዲያሳርፍበት፣ በሁለት ቦታ እንዲበሳውና የተገኘበትን ሰው ለምርመራ እንዲያሳውቅ ያዛል። ወጣቱ ባለሙያ ለማኅበራችን በራሱ ፈቃድ፣ እንባው እየቀደመው እንደነገረን፣ ለአለቃው "ይሄ እኮ መጽሐፍ ነው" ብሎ ነበር። የአለቃው መልስ "መጽሐፍ ይሁን መጋረጃ፣ ሐሰተኛ ነው ብሎ ራሱ ጽፎልሃል። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ምታው!" የሚል ነበር።

ተመታ። ስድሳ ሁለት ቀይ ማኅተም፣ መቶ ሃያ አራት ቀዳዳ። የማኅተሙ ቀለም ሳይደርቅ መጽሐፉ ስለተዘጋ ቀዩ ወደ ፊት ለፊቱ ገጽ ሁሉ ተጋብቷል። የብረት መብሻው ከኖቱ አልፎ በጀርባ ያለውን ጽሑፍ፣ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው እንዴት እንደምንለይ የሚያስረዳውን ጽሑፍ፣ በስቶታል። መመሪያው መጥፎ መመሪያ አይደለም። የተጻፈው ግን ዛሬ በመስኮት ለሚገባ ኖት ነው። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት የፈረሰ ባንክ ሐሰተኛ ኖት ማንን ያታልላል? እውነተኛው እንኳ ዛሬ አንድ ክብሪት አይገዛም። ይህንን ለመረዳት የባንክ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ እንዲያውም የባንክ ባለሙያ ባልሆነ ሰው እጅ ቢወድቅ ኖሮ መጽሐፉ ይተርፍ ነበር። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራ ከእኛ ሙያ ውጭ የለም። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው እንበል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ስህተት ብለን አንጠራውም።

ጋሽ ብሩሽ በማግስቱ ሥራ ሲገቡ የጠበቃቸው ደብዳቤ "ስድሳ ሁለት ሐሰተኛ ኖቶችን በሥራ ቦታ ይዘው በመገኘትዎ በወንጀል ተጠርጥረዋል" ይላል። መታወቂያቸው ተወሰደ፣ ከሥራ ታገዱ። ከሕንፃው ሲወጡ ሁለት ጥበቃዎች ግራና ቀኝ አጅበዋቸው ነበር፤ የምሳ ሰዓት ስለነበር ሁላችንም አይተናል። ቦርሳቸው በር ላይ ተፈተሸ። ከውስጡ የተገኘው የንባብ መነጽር፣ ግማሽ ዳቦና የሐኪም ወረቀት ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ብሩሽ ለሰባት ወራት አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፉ። በእያንዳንዱ ደብዳቤ መጽሐፉ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደተገዛና ባንኩ መቼ እንደተረከበው በትሕትና አስረዱ። አሥራ አንድ መልስ መጣላቸው። አሥራ አንዱም "ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው" የሚል አንድ ዓይነት ደብዳቤ ነው፤ በአራተኛው ላይ ቀኑን መቀየር እንኳ ተረስቷል። ጆሮ ዳባ ልበስ የሚባለው ይህ ነው። ይህን የሚያህል ባንክ፣ ይህን የሚያህል የሕግ መምሪያ ይዞ፣ ተነሥቶ አንድ መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው በሰባት ወር ውስጥ አጣ!

በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት በር ላይ ይመጡ ነበር። በሩን የምትጠብቀው ባልደረባችን ስማቸው በስክሪኑ ላይ በቀይ እየመጣ ማስገባት አልቻለችም። "ጋሼ፣ እኔን እንዳይቀየሙኝ" ስትላቸው "አንቺን ማን ወቀሰሽ፣ ልጄ? ዝናቡ ሊገባ ነው፤ መጻሕፍቱን የት እንዳደረጓቸው ብቻ ጠይቂልኝ" አሏት። ጠየቀች። "አያገባሽም" ተባለች። በሚቀጥለው ሰኞ ልቧ አልችል ብሏት "ደኅና ቦታ ናቸው" ብላ ዋሸቻቸው። መጻሕፍቱ ያኔ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው ጄኔሬተር ክፍል ውስጥ፣ ከናፍጣ በርሜል አጠገብ ተቆልለው ነበር። ዛሬም እዚያው ናቸው።

ሁሉም ግን አይደሉም። የማረፊያውን ክፍል የምታስውበው ባለሙያ ለመደርደሪያ ማሳመሪያ "ሦስት ሜትር ተኩል መጽሐፍ" ጠየቀች። ቡኒና ቀይ ጀርባ ያላቸው ብቻ ተመርጠው ሦስት ሜትር ተኩል ተለክቶ ተሰጣት። መደርደሪያው እንዳይነካ በመስታወት ተዘግቷል። ጀርባቸው አረንጓዴና ጥቁር የሆኑት፣ ጀርባቸው የተላጠውም ጄኔሬተር ክፍል ውስጥ ናፍጣ እየሸተቱ ነው። በኮሌታ ቅርጽ የተቆረጡትን ገጾች የያዘው ቅጽ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም፤ የውሃ ሽታ ሆኗል።

ስለ ሌሎች ይህን ያህል ከጻፍን ስለ ራሳችን መጻፍ ግዴታችን ነው። ባንኩ የፈረመው የስጦታ መረከቢያ ዋናው ቅጂ ያለው በእኛ በመዝገብ ቤት ሠራተኞች እጅ ነው። መደርደሪያውን እናውቃለን፣ ሳጥኑን እናውቃለን። ያቺን አንዲት ወረቀት አውጥተን በሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ብናኖር ኖሮ ጉዳዩ በአንድ ቀን ባለቀ ነበር። አላወጣንም። ሰነድ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይወጣም የሚል ደንብ አለን፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ የከሰሳቸው መምሪያ ነው። ፈቃድ ጠየቅን፣ መልስ አልመጣም፣ ተቀመጥን። ደንቡን ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ያረቀቁት ራሳቸው ጋሽ ብሩሽ ናቸው። በር ላይ በመጡ ቁጥር ከመካከላችን አንዱን ማግኘታቸው አይቀርም ነበር፤ አንድም ቀን "ወረቀቷን አውጡልኝ" አላሉንም። እንድንጥሰው ያልጠየቁን ደንብ ስለሆነ እንዳልጣስነው ለራሳችን ነገርን። ይህ ሰበብ ነው። ሆዳችን ያውቀዋል።

የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤም ከሦስት ወር በፊት ሲካሄድ የሳቸው ጉዳይ በአጀንዳው መጨረሻ "ልዩ ልዩ ጉዳዮች" በሚለው ሥር ተይዞ ነበር። ስለ ሠራተኞች ክበብ ወንበሮች ቀለም ብዙ ስለተነጋገርን ልዩ ልዩው ላይ ሳንደርስ ሰዓቱ አለቀ። ቃለ ጉባኤው አለ፤ የፈለገ መጥቶ ሊያነብ ይችላል። ወንበሮቹ ሰማያዊ ሆነዋል።

ጋሽ ብሩሽ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለተኛውን ደብዳቤ እየጻፉ ሳሉ አረፉ። ሐኪሙ የልብ ሕመም ብሎ ጽፏል። እኛ ሐኪም አይደለንምና በዚህ ላይ የምንጨምረው የለም። ደብዳቤው "ለሰባተኛ ወር በትዕግሥት እየጠበቅሁ መሆኔን" በሚለው ላይ ቆሟል። በትዕግሥት! እኛ ትዕግሥቱ የለንም።

በቀብራቸው ማግስት ለቤተሰቡ ከባንኩ ደብዳቤ ደረሰ። በሰባት ወር ለአሥራ አንድ ደብዳቤ እውነተኛ መልስ ያጣው መሥሪያ ቤት ይህንን ለመጻፍ አንድ ቀን በቃው። ሙሉውን እናስፍረው፦ "ተጠርጣሪው በሞት የተለዩ በመሆኑ ምርመራው ያለ ውጤት ተቋርጦ ፋይሉ ተዘግቷል።" ይኸው ነው። የፋርማሲ ባለሙያ የሆነችው ልጃቸው ደብዳቤውን ይዛ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጣች። አልተቀመጠችም። "ጥፋተኛ ነው አላሉም፣ ጥፋተኛ አይደለምም አላሉም። አባቴን ምን ብዬ ልናገር? የጎረቤት ልጆች እንኳ 'ሐሰተኛ ብር አታሚው' ይሉታል። እናቴ ከቤት መውጣት ትታለች" አለች። ሊቀመንበራችን ሁለት የማጽናኛ ቃል ጀምሮ ነበር። "እናንተ እኮ ወረቀቱ ነበራችሁ" አለችውና ወጣች። ቆሽታችን አረረ ብንል ለእሷ ምን ይጠቅማታል? ግን አረረ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ከማኔጅመንቱ ሌላ ወረቀት ደረሰን። ከማኅበሩ ጋር በጋራ የሚወጣ የሀዘን መግለጫ ረቂቅ ነው። ጋሽ ብሩሽን "በሙሉ የአገልግሎት ዘመናቸው በታማኝነት የሚታወቁ፣ የባንኩ ኩራት" ይላቸዋል። አዲሱ የቪአይፒ ማረፊያም በስማቸው እንዲሰየም ሐሳብ ቀርቧል። ይህን ያህል ዓይን ያወጣ ነገር በሠላሳ ዓመት የመዝገብ ሥራችን አላየንም። አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው ላይ፣ ጠዋት "ተጠርጣሪው"፣ ከሰዓት "ኩራታችን" ብሎ ይጽፋል! ሁለቱንም የፈረመው እጅ አንድ ነው። ከአንገት በላይ የሆነ ሀዘን ከእኛ ፊርማ ጋር አይወጣም፤ ረቂቁን መልሰናል።

ስለዚህ ማኅበሩ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ፣ በአንድ አጀንዳ ብቻ፣ የሚከተለውን ወስኗል። የስጦታ መረከቢያውን ዋና ቅጂ ያለ ፈቃድ ከመዝገብ አውጥተን ግልባጩን ከዚህ መግለጫ ጋር አያይዘናል። ለዚህ ደንብ መጣስ ተጠያቂዎቹ መላው የሥራ አስፈጻሚ አባላት ነን፤ የእገዳ ደብዳቤያችንን ቢሮ ሆነን እንጠብቃለን። ጄኔሬተር ክፍል ያሉትን መጻሕፍት ደግሞ ነገ ጠዋት አባሎቻችን በእጃቸው ተሸክመው ወደ መዝገብ ቤታችን ያስገባሉ። የሚከለክለን ካለ በሩ ላይ ይጠብቀን፤ ከነገ ጀምሮ ምሳችንን የምንበላው እዚያ ነው።

ፋይሉ ተዘግቷል መባሉን አንቀበልም። ፋይል የሚዘጋው እውነቱ ሲጻፍበት ነው። የጋሽ ብሩሽ ፋይል ውስጥ ያለው የመጨረሻ ቃል "ተጠርጣሪው" ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው ነገ መዝገብ ቤት መጥተው የአያታቸውን ስም ቢጠይቁ አውጥተን የምንሰጣቸው ይህንኑ ነው። እሳቸውን አሁን ምንም ሊጠቅማቸው አይችልም። ለባለቤታቸውና ለልጃቸው ግን ገና ይጠቅማል፤ እኒህ ሰዎች ነገም ከቤታቸው ወጥተው በዚያ ሰፈር መሄድ አለባቸው።

ሶፋቸውን ለባንኩ መጽሐፍ ለሰጡት ባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለእህቶቻቸው፣ በሦስተኛ ፎቅ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ላነበቡ ተመራማሪዎች፣ በር ላይ ላለችው ባልደረባችንና መብሻውን ለያዘው ወጣት ሀዘናችን ከልብ ነው። ቤተሰቡን ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ይቅርታውን ባያደርጉልን አንከፋም። ለማኔጅመንቱ መጽናናትን አንመኝም።

ከማኔጅመንቱ የምንጠይቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ለማርቀቅ ሌላ ሰባት ወር እንዳይፈጅ እኛው ጽፈነዋል፦

"በእኚህ ሰው እጅ የተገኘው ሐሰተኛ ገንዘብ ሳይሆን መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉም የባንኩ ነው፤ የተሳሳትነው እኛ ነን።"

ከዚህ ዓረፍተ ነገር ሥር አርባ ስምንታችንም የማኅበሩ አባላት በምስክርነት ፈርመናል። የመጀመሪያው መስመር የሥራ አስኪያጁ ነው፤ ባዶውን ትተነዋል። መግለጫው ፈርመው እስኪመልሱልን ድረስ በየቀኑ ጠዋት፣ ያንኑ መስመር ባዶውን እንደያዘ፣ ሠራተኛና ደንበኛ በሚገባበት በር ላይ ይለጠፋል።